ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፦ ተደባዳቢውን ልጅ ወዴት ነው የምትሸኙት?

ጉዳዩ፦ "አስቸጋሪ" የተባሉ ተማሪዎችን በእገዳና በዝውውር ስለማስወጣት

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ የላካችሁት ደብዳቤ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ክፍል ውስጥ የሚደባደብ፣ መምህር የሚዳፈር ወይም ንብረት የሚሰብር ተማሪ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ታይቶ ለሁለት ሳምንት ይታገድ፣ ከደገመም መሸኛ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወር ይላል። ባልደረቦቼ ሲያነቡት "እሰይ!" ብለዋል። አልፈርድባቸውም። ስልሳ ምናምን ልጅ ፊት ቆሞ ወንበር ሲወረወር ያየ መምህር፣ ልጁ ነገ ባይመጣ ብሎ ቢመኝ ምን ይደንቃል?

እኔ ግን የምጽፍላችሁ መመሪያው እንዲነሳ ልጠይቅ ነው። እገዳውም ዝውውሩም ጠቡን አይቀንሱትም። አንዳንዱን ልጅ እንዲያውም ያብሱበታል። ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ጠብን የሚቀንስ አሠራር አለ፤ ጽሕፈት ቤታችሁ ደግሞ እሱን ለማገዝ አቅሙ አለው።

የምጽፈው ከከተማዋ ምሥራቅ ዳር፣ የባቡሩ ሐዲድ አያት ላይ ካለቀ በኋላ ካለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። 7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የአንድ ክፍል ኃላፊ መምህርትም ነኝ። የትምህርት ቤቴን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ወላጆችና ባልደረቦቼም እንዲያነቡት ነው። በውስጥ ብልከው ደግሞ "ታይቷል" ተብሎ ፋይል ውስጥ እንደሚገባ እናንተም እኔም እናውቃለን።

መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ እዩልኝ። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ልጆች አሉ። ከዚያ በፊት በዕጣ የገቡ የነባር ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ልጆች አሉ። ከሁሉም በፊት እዚሁ መሬት ላይ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎች ልጆችም አሉ። የፒያሳዎቹ የመጡት ትምህርቱ ተጋምሶ ነው። ጓደኛ የለ፣ የሚያውቁት መምህር የለ። አንዱ ሌላውን "ፋራ" ይለዋል። ያኛው ደግሞ "ተፈናቃይ" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ እናት ትሰደባለች። እናት ከተሰደበች በኋላ የሚሆነውን አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በድሮው ሰፈራቸው ባለሱቁም፣ ጠላ ሻጯም፣ ሊስትሮውም "አንተ የእገሌ ልጅ! አርፈህ ሂድ!" ይሏቸው ነበር። እዚህ ከአንድ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች እንኳ ገና በወጉ አልተዋወቁም። ወላጅ ታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ሳይነጋ ይወጣል፤ ወደ መገናኛ ወርዶ፣ ሥራ ውሎ፣ ማታ ይገባል። ውኃ በፈረቃ ነው። የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ጀሪካን የሚሞላውም ልጁ ነው። ጠዋት ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስክ ላይ የተደፋ ልጅ ስታዩ ሁልጊዜ ስንፍና አይምሰላችሁ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

ይህን የምለው ልጆቹን ምስኪን ለማድረግ አይደለም። አንዳንዱ በእርግጥ ያስፈራል። የተመታው ልጅም ልጅ ነው፤ ተረጋግቶ የመማር መብት አለው። ጥያቄዬ እገዳው ለማን ጠቀመ የሚል ነው።

በየክፍሉ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ልጅ አለ። ቁመቱ ከመምህሩ ይበልጣል። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ፊደሎቹን ያውቃቸዋል፤ ተገጣጥመው ቃል ሲሆኑ ይጠፉበታል። "ተነስና አንብብ" ሲባል ከጎኑ ያለውን ልጅ በጥፊ ያጮለዋል። ክፍሉ ይታመሳል፣ እሱ ወደ ዩኒት ሊደሩ ይላካል፣ ንባቡም ይቀራል። ላይ ላዩን ካያችሁት ያለ ምክንያት የሚማታ ልጅ ነው። ከጥፊው በፊት ምን እንደተባለና ከጥፊው በኋላ ምን እንዳገኘ ካያችሁ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ስልሳ ልጅ ከሚስቅበት ስልሳ ልጅ ቢፈራው ይሻለዋል።

ለዚህ ልጅ የሁለት ሳምንት እገዳ ስትሰጡት የሚፈልገውን በማኅተም አጽድቃችሁ ሰጣችሁት። ሁለቱን ሳምንት የት ይውላል? ቤት ማንም የለም። ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ከቤቲንግ ቤቱ በር የማይጠፉ ጎረምሶች አሉ። ሲመለስ ክፍሉ ርቆ ሄዷል፤ ማንበብ ያቃተው ልጅ አሁን የባሰ አቃተው። ተራው እንደገና ሲደርስ ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

ሌላም አለ። ከተማችን ተማሪዎቿን ቁርስና ምሳ ታበላለች። ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ እኔ በዓይኔ የማየው ነው። የምትታገደውን ልጅ ስንፈርምባት ከትምህርቱ ጋር ቁርሷንና ምሳዋንም ነው የምንከለክለው። ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው ይህን አስቦበታል ብዬ አላምንም።

ዝውውሩ ደግሞ የባሰ ቀልድ ነው። እኛ የሸኘነውን ጎረቤት ትምህርት ቤት ይቀበላል፤ ጎረቤት የሸኘውን እኛ እንቀበላለን። መሸኛው ላይ "ጠባይ፦ መልካም" ተብሎ ተጽፎ ይመጣል። እንዲያ ካልተባለ ማን ይቀበለዋል? ስለዚህ አዲሱ መምህር ስለ ልጁ ምንም ሳያውቅ ከዜሮ ይጀምራል። ልጁም እንደዚያው። አዲስ ግቢ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው የማይነካ መሆኑን ማሳየት ነው።

"እገዳ ካልሆነ እንግዲያው ዱላው ይመለስ" የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ዱላው መቼ ሄደ? ቢሮው ጥግ የፕላስቲክ ቱቦ የማይታይበት ግቢ ካለ እሰየው። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ጀምሮ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። ወላጅ መጥቶ "ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ፣ ሌላውን እንደፈለጋችሁ" ቢልም ሕጉ አይለወጥም። ሕጉን ትተን ጥቅሙን ብናይ እንኳ አያዋጣም። ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጠበኛ ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ያየው ነገር እኛም ክፍል አለ። ልጅ ይጮኻል፣ ትልቁ ይለቅለታል፤ ልጁ መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል። ሌላ ቀን ትልቁ የበለጠ ይጮኻል ወይም ይመታል፣ ልጁ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ትልቁም መምታት እንደሚያዋጣ ይማራል። ሁለቱም በየዙሩ አንድ ደረጃ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። ቱቦው በመስከረም የነበረው ኃይል በጥር የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው የሚባለው። ስለዚህ ወደ ሥሩ ልምጣ።

ጄኮብ ኩኒን የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግኝት አለ። ክፍላቸው ሰላም የሆነላቸውንና የሚታመስባቸውን መምህራን በቪዲዮ ቀርጾ አወዳደረ። ልጅ ካጠፋ በኋላ በሚያደርጉት ነገር፣ በቁጣቸውም ሆነ በቅጣታቸው፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የሚለያዩት ከጥፋቱ በፊት ባለው ነው። ጎበዞቹ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ እንኳ ከኋላ ምን እንደሚካሄድ ያውቃሉ፤ ልጆቹም እንደሚያውቁ ያውቃሉ። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ክፍተት አይተዉም። አንዱን እየረዱ ሌላውን በዓይን ይይዛሉ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ግኝት ነው። እኛ ግን እስከ ዛሬ የምንሰበሰበው "ምን ዓይነት ቅጣት እንጣል?" ለማለት ነው።

ጠብ ሰዓት አለው። የኔ ክፍል መቼ እንደሚታመስ ልነግራችሁ እችላለሁ። ከምሳ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ፣ ሰልፍ ላይ የተጀመረ መገፋፋት ተንከባሎ የሚገባበት። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መምህር የቀረበት ባዶ ክፍለ ጊዜ፤ አለቃው ሰሌዳ ላይ የረባሾችን ስም እየጻፈ የሚሰደብበት። ምስኪን አለቃ! በ13 ዓመቱ ደመወዝ የሌለው ፖሊስ አድርገነዋል። ስሙ የተጻፈበት ልጅ ማንን በር ላይ እንደሚጠብቅ አታጡትም።

ልጁም ምልክት አለው። መጻፍ ያቆማል። እግሩን ማንቀጥቀጥ ይጀምራል። የሹራቡን ኮፍያ ይደፋል፣ ደብተሩን ይገፋል። ስታናግሩት "ምን አደረግሁ?" ብሎ ድምፁን ያሰማል። ከዚህ ደረጃ እስከ ቡጢው ድረስ ደቂቃዎች አሉ። የሙያው ቁም ነገር ያለው እነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ማናችንም ግን ኮሌጅ ውስጥ አልተለማመድናቸውም።

ምን ይደረጋል? ፊት ለፊት አይቆምም። በጎን ቀረብ ብሎ፣ ክንድ ያህል ርቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ ነው የሚወራው። አይነካም። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ "አንተ ሁልጊዜ..." የሚል ንግግር አይጀመርም። "ቁጭ ብለህ ከሁለተኛው ጥያቄ መጻፍ ትችላለህ፣ ወይም ውኃ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ምረጥ።" በቃ። ከዚያ ጥሎት መሄድ ነው፤ ሌላ ረድፍ ሄዶ ደብተር ማየት። እዚያው ቆመህ ካፈጠጥክበት ጓደኞቹ ፊት መሸነፍ ይሆንበታል። ከሄድክለት ግን ለራሱ ጊዜ ወስዶ፣ እያጉረመረመም ቢሆን፣ እስክሪብቶውን ያነሳል። ማጉረምረሙን አለመስማት ይቻላል። ሁሉንም ነገር የሚሰማ መምህር ቶሎ ነው የሚያረጀው።

"አንቺ ቀጭን ነሽ፣ እነዚህን ጎረምሶች እንዴት ትችያቸዋለሽ?" ይሉኛል። በጉልበት ከሆነ ማንም አይችላቸውም፤ ጡንቻ ያለው የስፖርት መምህርም ቢሆን። እንዲያውም ግዙፍ መምህር ሲመጣ የሚፈተንም አለ።

ዱላ ከተነሳ ግን ሌላ ነው። ያኔ መሀል መግባት ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ተጎጂ መሆን ነው። ሁለት ልጆች ይላካሉ፤ አንዱ ወደ ዩኒት ሊደር፣ አንዱ ወደ ጎረቤት ክፍል መምህር። ቀጥሎ የሚወጡት ተደባዳቢዎቹ ሳይሆኑ ተመልካቾቹ ናቸው። "በለው! በለው!" የሚለው ድምፅ ሲጠፋ ብዙ ጠብ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ሁለቱም ውስጥ ውስጡን ሰበብ ሲፈልጉ ነበር። ማስወጣቱ ግን ልምምድ ይፈልጋል። ክፍሌ በመስከረም እንደ ጨዋታ ይለማመደዋል፤ አንድ ቃል ስናገር በረድፍ፣ ሳይሯሯጡ፣ ወደ ሜዳው።

ከጠቡ በኋላ ያለውን ደግሞ በጣም ነው የምናበላሸው። ልጆቹ ገና እየተንቀጠቀጡ ቢሮ ይገባሉ። "ለምን አደረግህ?" ይባላሉ። ደሙ የፈላ ልጅ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ ወይ ውሸት ነው ወይ ስድብ። ከዚያ "በሉ ተቃቀፉ፣ ይቅር ተባባሉ" ይባላል። ይተቃቀፋሉ። እዚያው ጆሮ ላይ "በር ላይ እንገናኝ" ይባባላሉ። ይህን የማያውቅ ዳይሬክተር የለም።

አባቶቻችን ሽምግልና ሲቀመጡ እንዲህ አልነበረም የሚያደርጉት። ሁለቱን ለየብቻ ይሰማሉ። ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ ቁጣ ይበርዳል። በመጨረሻ ደግሞ ካሳ አለ። እኛ ከሽምግልናው መተቃቀፉን ብቻ ወሰድን። ክፍል ውስጥም ካሳ ይቻላል። ደብተር የቀደደ ልጅ ማስታወሻውን ገልብጦ ይመልሳል። ዴስክ የሰበረ ከአናጢው ጋር ቆሞ ያስጠግናል። እናት የሰደበ፣ በክፍሉ ፊት ባይሆንም በሰደበው ልጅ ፊት፣ ቃሉን ያነሳል። ይህ ከእገዳ ይከብዳል። ልጆቹን ጠይቋቸው፤ እገዳውን ይመርጣሉ።

ያ ማንበብ የማይችለው ልጅስ? ለሱ መድኃኒቱ በጣም ርካሽ ነው። ማንንም ልጅ ያለ ዝግጅት አስነስቶ አለማስነበብ። መጀመሪያ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ያነባል። ከዚያ ለእሱ በጎን "ነገ ይህቺን ሦስት መስመር አንተ ነህ የምታነባት" ይባላል። አንድ ጎበዝ ልጅ በእረፍት ያስጠናዋል። በማግስቱ እየተንተባተበም ቢሆን ያነባታል፤ ጥፊ አያስፈልገውም። እርግጥ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመው የንባብ ጉድለት በዚህ አይሞላም። ያ የራሱ ደብዳቤ ይፈልጋል።

አንድ ጨዋታም አለ፤ በተለይ እናንተ ብታውቁት ደስ ይለኛል። በ1969 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ የሚረብሽ የ4ኛ ክፍል ላይ ተሞክሮ የታተመ ነው። ክፍሉ በሁለት ቡድን ይከፈላል። ግልጽ የሆኑ ጥቂት ሕጎች ይነገራሉ። ሕግ ሲጣስ ቡድኑ ላይ ሰሌዳ ላይ ጭረት ይሰመራል፤ ያለ ጩኸት፣ ያለ ንግግር። ጭረቱ ያነሰው ያሸንፋል፤ ሁለቱም ከተወሰነው ቁጥር በታች ከሆኑ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ረብሻው በጣም ቀነሰ፤ ጨዋታው ሲቆም ተመለሰ፤ ሲጀመር እንደገና ቀነሰ። በኋላ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 1ኛ ክፍል ላይ ተሠርቶበት ልጆቹን እስከ ጎልማሳነት ተከታተሏቸው። 1ኛ ክፍል ሳሉ በጣም ጠበኛ ከነበሩት ወንዶች መካከል ጨዋታውን የተጫወቱት፣ ካልተጫወቱት ይልቅ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከአደንዛዥ ዕፅና ከወንጀል ጠባይ የተሻለ ርቀው ተገኙ።

ያ አሜሪካ ነው፤ ክፍላቸው ትንሽ ነው፤ የኔዎቹም 1ኛ ክፍል አይደሉም። ቢሆንም በረድፍ አድርጌ እጫወተዋለሁ፤ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ብቻ። ሽልማቱ ደወል ሲደወል ቀድሞ መውጣት ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ይፈልጋል። ቡድኑን ሆን ብሎ የሚያስጠቃ ልጅ አይጠፋም፤ ያኔ ረድፉ ሁሉ ይጠላዋል፣ ጠቡ በር ላይ ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ብቻውን አንድ ቡድን አደርገዋለሁ። ብቻውን ሲሆን ተመልካች የለውም።

"ወላጅ አምጣ" ስለሚባለው ትንሽ ልበል። የቀን ሠራተኛ እናት ትምህርት ቤት ስትጠራ የዚያን ቀን ደመወዝ ታጣለች። ስለዚህ ልጁ አይነግራትም። ሃምሳ ብር ከፍሎ የሰፈር ጎረምሳ አጎት አድርጎ ያመጣል። አጎትየው ቢሮ ገብቶ ልጁን በጥፊ ሁሉ ያጮለዋል፤ ትወናው እንዲያምር። ሁላችንም እያወቅን እንስቃለን። ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ብሎኮቹ መሀል ባለው የጋራ ቤት ቢደረግ እናት ትመጣለች። መጀመሪያ የምትሰማው ነገር ደግሞ ስሞታ ባይሆን። ልጇ የሠራው አንድ ጥሩ ነገር ተነግሯት ከዚያ ችግሩ ቢቀጥል፣ ቤት ስትገባ ቀበቶ አታነሳም።

አሁን ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር።

እገዳ የመጨረሻ ይሁን፤ ሲሆንም ግቢ ውስጥ ይሁን። ልጁ ቁርስና ምሳውን እየበላ፣ ከክፍል ተለይቶ፣ ካሳውን እየሠራ፣ ያመለጠውን ትምህርት እየጻፈ። ዝውውር ወላጅ ካልጠየቀ አይፈቀድ። ከተፈቀደም መሸኛው እውነቱን ይናገር፤ ልጁን ለማስከሰስ ሳይሆን ተቀባዩ መምህር ምን እንደሚያስቆጣውና ምን እንደሚያበርደው እንዲያውቅ።

የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ባለሙያዋን መልሱልን። በወረቀት አለች። በተግባር ግን የምገባ ስም ትመዘግባለች፣ ፈተና ታባዛለች፣ የቀረ መምህር ትተካለች፣ ኮሚቴ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ቢሮዋ ስቶር ውስጥ ነው፤ ከተሰባበሩ ዴስኮች ጋር። እዚያ ገብቶ ስለ ቤቱ የሚያወራ ልጅ ማን ነው? አንድ ባዶ ክፍልና ሌላ ሥራ የማይሰጣት አንዲት ባለሙያ፤ ይህ በእናንተ አንድ ፊርማ የሚያልቅ ነው።

ባዶ ክፍለ ጊዜን ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ የታወቀ ተራ ይኑር። ይህ የኛም ሥራ ነው፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንጨርሰዋለን። ግን የምክትሉን ግማሽ ቀን ለስብሰባ አትውሰዱብን።

ኢንስፔክሽኑን በተመለከተ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ጠብ የመዘገበ ግቢ ነጥብ ይቀነስበታል ብሎ ሁሉም ይፈራል። ስለዚህ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ መቼና የት እንደሚበዛ አይታወቅም። እስቲ የጠብ መዝገብ ለነጥብ እንደማይውል በጽሑፍ አረጋግጡልን። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ከጠቡ በፊት ምን ነበር፤ ይህን ብቻ ጽፈን አንድ ሴሚስተር ብንቆይ ግማሹን ጠብ የምንከለክልበትን ቦታ እናገኛለን ብዬ አምናለሁ። ምናልባት የምሳውን ሰልፍ በሁለት ከፍሎ ማስገባት ብቻ ይበቃ ይሆናል።

ሥልጠናም እንፈልጋለን፤ ግን እባካችሁ ፕሮጀክተርና አበል ያለበትን አይደለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መምህራን ሲመለሱ፣ አንዱ ተማሪ ሆኖ ደብተር እየወረወረ፣ ሌላው መምህር ሆኖ ድምፁን ዝቅ ማድረግ እየተለማመደ። መጀመሪያ እንስቃለን። ከዚያ ስንናደድ ድምፃችን ምን ያህል እንደሚጮህ እንሰማለን።

በክፍል መምህር የማይያዙ ልጆችም አሉ። ስለት ይዞ የገባ፣ በተደጋጋሚ ሰው ያቆሰለ፣ ራሱን የሚጎዳ። እዚያ ላይ "ፍቅር ስጡት" የሚል ምክር አልሰጥም። ፖሊስ ሊጠራ ይችላል፤ ሲጠራም ልጁ ልጅ መሆኑ አይረሳ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ከአዋቂ ለይቶ ነው የሚያያቸው። ሕክምና የሚያስፈልገውም አለ። ወላጆች ግን አማኑኤል ሆስፒታል የሚለውን ስም ሲሰሙ "ልጄን እብድ አላችሁት" ብለው ይነሳሉ። ሆስፒታሉ ደግሞ መርካቶ በኩል ነው፤ ከኛ ሰፈር ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ በሳምንት አንድ ከሰዓት እንኳ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ለተማሪዎች እንዲመደብ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋገሩልን። ሁለታችሁም አንድ ሕንጻ ውስጥ ናችሁ፤ ደረጃ መውጣት ነው።

የተመታ መምህርስ? እስካሁን ያለው አሠራር "አይዞሽ፣ ቻዪው" ነው። ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል፣ ስንት ቀን እንደሚያርፍ፣ ወደዚያው ክፍል መቼና እንዴት እንደሚመለስ የሚል አንድ ገጽ መመሪያ አውጡ። ባልደረቦቼ እገዳውን "እሰይ" ያሉት ሌላ የሚከላከልላቸው ነገር ስላላዩ ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ ብትሰጡን ጥሩ ነው። ከሱ በፊት ግን አንድ ጊዜ ኑ። ሱፐርቫይዘሮቻችሁ የሚመጡት ጠዋት፣ አስቀድሞ ተነግሮን፣ ልጆቹ ተመክረው፣ ሰሌዳው ታጥቦ ነው። እናንተ ሳትናገሩ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ኑ። ኋላ ረድፍ ላይ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ተቀመጡ። ዴስክ ላይ ለሦስት ነው የሚቀመጡት፣ ቦታ አይኖርም። ወንበር ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የ7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት
ለብሎክ ኮሚቴዎች
ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ፣ ከናንተ ደብዳቤ ጎን